በፀሐዩ ፀ የወደቀች ልጅ

ሰው ሲያሞግሰኝ ደስ ይለኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ላሊበላ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ታብሌቶች የመጡ ዕለት ርእሰ መምህሩ በስብሰባ መካከል ጣታቸውን ወደ እኔ ቀስረው «ይህን ጣጣ የሚችለው እሱ ነው» ሲሉ፣ አፌ «ኧረ እኔ ምን ዐውቄ» አለ እንጂ ልቤስ ሹመቱን ቀድሞ ተቀብሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመረጃ ተጠሪ ተባልኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ልጆቹ በየሐሙሱ ሃያ ጥያቄ ያለው ክዊዝ በታብሌት ይሠራሉ። ኔትወርክ ካለ መልሳቸው ወዲያው ይላካል፤ ከሌለ ደግሞ በተመለሰ ቀን፣ ከሦስት ቀንም ይሁን ከሳምንት በኋላ ይገባል። ሲስተሙ ራሱ ያርማል። ከዚያ የክፍሉን ልጆች ስም ደርድሮ ከየስሙ ጎን ሣጥን ያስቀምጣል፤ ለጎበዙ አረንጓዴ፣ ለመካከለኛው ቢጫ፣ ለደካማው ቀይ። ስሙን ስትነካው የልጁ ውጤት ከሳምንት ሳምንት ሲወጣና ሲወርድ በመስመር ታያለህ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀበትም ይነግርሃል። ከተማችን የትራፊክ መብራት የላትም፤ የመጀመሪያው የተተከለው እኔ ክፍል ውስጥ ነው እያልኩ መምህራን ማረፊያ ውስጥ እቀልድ ነበር። ሲስቁልኝ ደግሞ እደግመዋለሁ።

ልጅቷ የመጣችው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወዲያ ካለ ቀበሌ ናት። የሰፈራቸው ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ከተማ አክስቷ ቤት ተቀምጣ እንድትማር አባቷ ይዘዋት መጡ። አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ልጅቷን በር ላይ አቁመው ለብቻዬ አነጋገሩኝ።

«መምህር፣ ቤቴ ሰው የለውም» አሉኝ። «እናቷ ወገቧን ታማ ከተኛች ሁለት ዓመቷ ነው። ውሃው፣ እንጨቱ፣ ሊጡ የዚች ልጅ ነበር። ትምህርቱ የሚገባት ከሆነ እኔ አሳሬን አያለሁ፤ እሷ ትማር። የማይገባት ከሆነ ግን እሷም በከተማ አትንገላታ፣ እናቷም አትጎዳብኝ። እስከ ጥምቀት ይዩልኝና እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እነግርዎታለሁ፣ የኔታ። አሁን እንደ ድሮው በግምት አይደለም፤ በመረጃ ነው የምንሠራው» አልኳቸው። ይህን ስል ደረቴን ነፋ ሳላደርግ አልቀረሁም። እሳቸው «መረጃ» የምትለዋን ቃል ለራሳቸው ደገሟትና እጅ ነሥተውኝ ሄዱ። እንግዲህ የልጅቷ ዕጣ ፈንታ እኔ ታብሌት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መጀመሪያ ምንም አላስቸገረችኝም። ሦስተኛው ረድፍ መስኮት ዳር ትቀመጣለች፣ ካልጠየቋት አትናገርም፣ ሲጠይቋት ትመልሳለች። የደብተሯ ጽሕፈት ፊደሉ ጉልህና የተስተካከለ ስለሆነ «ሐኪሞች ይህን ቢያዩ በራሳቸው ጽሕፈት ያፍሩ ነበር» ብዬ ቀልጄባታለሁ። መስከረምና ጥቅምትን ሣጥኗ አረንጓዴ ነበር።

ጣጣው የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ያን ጊዜ ክዊዙ ሁሉ ምርጫ ነበር፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ልጆቹ ደግሞ የዋዛ አይደሉም። አፍንጫ ማከክ ሀ ነው፣ ጆሮ መንካት ለ ነው፣ ማሳል ሐ ነው። አንድ ሐሙስ ክፍሉ በሙሉ ሲያክክና ሲያስል ቆሽቴ አረረ። «ቆይ፣ እኔ አይደለሁም» አልኩና ለሚቀጥለው ሳምንት ምርጫውን አጥፍቼ መልሱን ራሳቸው በቃል እንዲጽፉ አደረግኩ። ትክክለኛዎቹን መልሶች በስልኬ፣ ምሳ እየጠበቅኩ፣ ለጓደኛ መልእክት እንደምልክ እየተጣደፍኩ ሞላኋቸው። ማከኩም ማሳሉም ቆመ። ርእሰ መምህሩ ሌሎቹም መምህራን እንዲህ እንዲያደርጉ ነገሯቸው፤ እኔም ደስ አለኝ።

የልጅቷ መስመር መውረድ የጀመረው በዚያ ሳምንት ነው። መጀመሪያ ቢጫ ሆነች። ታኅሣሥ ሲገባ ቀላች። ጊዜዋን ሳይ ደግሞ ሌላው በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን እሷ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትቆይበታለች። እኔም ሁለቱን ነገር አገጣጥሜ ፈረድኩ፤ ግራ ገብቷታል፣ ስታስብ ትውላለች፣ አስባም አታገኘውም። ጠርቼ «ተረጋጊ፣ አትቸኩዪ፣ እያንዳንዷን ፊደል ተጠንቅቀሽ ጻፊ» ብዬ መከርኳት። «እሺ፣ ቲቸር» አለች። በሚቀጥለው ሐሙስ አርባ ደቂቃ ፈጀች፤ ውጤቷም ይብሱን ወረደ።

ክፍል ውስጥ በቃል ስጠይቃት በትክክል ትመልስልኝ እንደነበር መደበቅ አልፈልግም። የተክል ክፍሎችን፣ የሰውነትን ክፍሎች፣ ሁሉንም። ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ለዚህም መልስ አላጣሁም፤ የቤተ ክህነት ልጅ ናት፣ ሽምደዳ ለምዳለች፣ በቃሏ ትወርደዋለች እንጂ አይገባትም አልኩ። እንዲህ ብዬ ለጓደኞቼም ተናገርኩ። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ጥምቀት አልፎ በሳምንቱ አባቷ መጡ። ባዶ ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ አስቀምጫቸው ታብሌቱን ከፈትኩ። ልጅቷ ደብተሮቿን ታቅፋ አጠገባቸው ቆማለች።

«ልጄ የቷ ናት?» አሉኝ።

«ይቺ መስመር ናት፣ የኔታ።»

በጣታቸው መስመሯን ተከትለው ሲሄዱ ስክሪኑ ተንሸራተተና ሥዕሉ ጠፋ። እጃቸውን ደንገጥ ብለው ሰበሰቡ። «አበላሸሁት መሰለኝ» አሉ። ምንም አይደለም ብዬ መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ሳይነኩ፣ በዐይናቸው ብቻ ተመለከቱ።

«ቁልቁል ነው የምትሄደው?»

«ከኅዳር ወዲህ፣ አዎ።»

«አልሠራ ብላ ነው?»

«የለም። ትደክማለች። ግን አልገባትም።»

ልጅቷ ፊት ነው ይህን ያልኩት። ቀና ብላ አላየችኝም። አባቷ «እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እኔን ለማስደሰት ይዋሽ ነበር» አሉኝ። ልጅቷ ከቦርሳዋ የራሷን ታብሌት አወጣች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አላለቀሰችም። ተከታትለው በግቢው በር ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው፤ እኔም እውነት መናገር ይከብዳል፣ ቢሆንም ተናገርኩ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። በየካቲት ወደ ሰባተኛ ለሚያሳልፈው የክልል ፈተና የሚቀመጡትን ልጆች ዝርዝር ለትምህርት ጽሕፈት ቤት በላክኩ ጊዜ ስሟን ያወጣሁትም እኔው ነኝ።

መጋቢት ላይ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የክዊዙ መረጃ የተማሪዎችን ለውጥ እንዴት እንዳሳየ ሪፖርት ጻፉ፣ የጥቂት ልጆችንም መልስ በምሳሌነት አያይዙ ይላል። አረንጓዴዎቹን መረጥኩ፤ ከቀዮቹም አንድ ያስፈልጋል ብዬ የእሷን ስም ነካሁ። መልሶቹ ያሉበት ገጽ ሌላ ቦታ ነው። እስከዚያ ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ለወራት ያየሁት ቀለሙን ነው፤ ልጅቷ የጻፈችውን አንዲት ቃል አላነበብኩም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዕፀዋት ምግባቸውን የሚያዘጋጁበትን ብርሃን ከየት ያገኛሉ የሚል ነው። «ፀሐይ» ብላለች። ከጎኑ የቀይ ኤክስ ምልክት አለ። ሲስተሙ አብዷል አልኩ። ትክክለኛው መልስ ምን ይላል ብዬ ባይ «ጸሀይ» ይላል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ተቀምጬ ሳቅኩ። ወደ ታች ወረድኩ። እሷ «ሥር»፣ እኔ «ስር»። እሷ «ሐሞት»፣ እኔ «ሀሞት»። እሷ «ሥጋ በል»፣ እኔ «ስጋ በል»። እሷ «ኀይል»፣ እኔ «ሀይል»። ሁሉም ቀይ። ትክክል የተባለላት ቅጠል፣ ግንድ፣ ደም፣ ልብ የሚሉት ብቻ ናቸው፤ እነሱ ውስጥ መንታ ፊደል የለማ። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም።

ሁለት ሰ፣ ሁለት ጸ፣ ከአንድም ሦስት ሀ እንዳለን ማን ያጣዋል። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ብዙዎቻችን ጣታችን ያገኘውን እንጽፋለን። ኪቦርዱ ላይ ሰን ስትነካ እሳቱ ሰ ይመጣል፤ ንጉሡን ሠ ከፈለግህ ፊደሉን ተጭነህ ቆይተህ ከሚወጡት መካከል መልቀም አለብህ። እኔም ሌሎቹ ልጆችም የቀረበንን ስለምንነካ ተገጣጠምን። እሷ ግን መሪጌታ አባቷ እንዳስተማሯት እያንዳንዱን እየተጫነች፣ እየጠበቀች፣ እየለቀመች ነው የጻፈችው። ያ ግማሽ ሰዓት ለካ እዚያ ነው የሄደው። ተጠንቅቀሽ ጻፊ ስላት ደግሞ ይብሱን ተጠነቀቀች።

ወረቀት አውጥቼ ከኅዳር ጀምሮ ያለውን ሁሉ በእጄ አረምኩ። ከክፍሉ አንደኛ ናት። በማግስቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስሟ ወደ ፈተናው ዝርዝር እንዲገባ ለመንኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ፋይሉን አገላብጣ «ዝርዝሩን ፈርመው የላኩት እርስዎ ነዎት እኮ» አለችኝ። አዎ፣ እኔ ነኝ አልኩ። «ምዝገባው ተዘግቷል። ለሚመጣው ዓመት ትምጣ» አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወንበር ስባ አስቀምጣኛለች፤ ግን ከዚያ በላይ ማድረግ አትችልም ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት ወረቀቱን ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ነአኩቶ ለአብን አልፌ፣ መንገድ እየጠየቅኩ፣ በፀሐዩ አፌ ደርቆ ቤታቸው ስደርስ መሪጌታ በር ላይ ተቀምጠው ብራና ይፍቃሉ። ተነሥተው ተቀበሉኝ። ውስጥ እናቷ ተኝታ ነበርና ከመደቧ ሆና «ኖር» አለችኝ። ቁጭ በሉ ሳይሉኝ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ የምደፍር አልመሰለኝም።

«የኔታ፣ ልጅዎ ሁሉን ትመልስ ነበር። ስሕተቱ የኔ ነው። ለፈተናው ላስመዘግባት ሞከርኩ፣ አልሆነም። ዓመቷን አባከንኩባት። መስከረም ቢመልሷት ግን ይቀበሏታል።»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በአንድ ወገን የእሷ መልስ፣ በሌላው የእኔ። ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡ። እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ይህንን ማን ጻፈው?» አሉ በጣታቸው የእኔን ረድፍ እያሳዩ።

«እኔ ነኝ።»

«መምህር፣ ፊደል የቆጠሩት የት ነው?»

«ሙጃ፣ የትውልድ አገሬ።»

«ሙጃስ የኔታ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። ቀልድ ነው፤ ፊታቸው ግን አልሳቀም። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ልጅቷ የውሃ ጀሪካን አዝላ ከታች መጣች። አይታኝ እጅ ነሣች፣ ጀሪካኑን አወረደች። ስታወርደው እጇ ተሰነጣጥቆ አየሁ። አባቷ ወረቀቱን አሳዩዋትና «ነገሩ የፊደል መሆኑን ታውቂ ነበር?» አሏት።

«አዎ። ክዊዙ ሲያልቅ ትክክለኛውን ያሳያል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናግሬያለሁ» አለች። መሬት መሬት እያየች ነው። «መልሱ አንድ ነው፣ ፊደሉ ነው የተለየው ብዬ ለቲቸር ነግሬያቸዋለሁ። ሲስተሙ የሚለውን ጻፊ አሉኝ።»

እግዜር ያውቃል፣ አላስታውሰውም። ዛሬም ድረስ አስባለሁ፣ የትኛው ቀን፣ የት ቆሜ፣ ምን ይዤ፤ አይመጣልኝም። ግን ንግግሩ የኔ ነው። በቀን አሥር ጊዜ የምለው ነው። አላልኩም ብዬ አፌን መክፈት አልቻልኩም።

«ከነገሩሽ ታዲያ ለምን እሳቸው እንዳሉሽ አልጻፍሽም?» አሉ አባቷ።

«እርስዎ ንጉሥን በእሳቱ ሰ ከጻፍሽ ንጉሡን አቃጠልሽው ብለውኝ የለ» አለች።

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። እናትየዋ ከውስጥ «ውይ ልጄን» ስትል ሰማሁ። ልጅቷ ከኅዳር እስከ ጥምቀት በሁለታችን መካከል ቆማ፣ አረንጓዴ የምትሆንበትን መንገድ እያወቀች፣ የአባቷን ቃል ላለማፍረስ ቀይ እየሆነች ነው የከረመችው።

ከዚያ ቀና አለችና ጠየቀችን። «መስከረም ስመለስ በየትኛው ልጻፍ?»

«እንደ አባትሽ» አልኩ። በዚያው ቅጽበት እሳቸውም «እንደ መምህሩ» አሏት። እርስ በርሳችን ተያየን። እሷ «እሺ» አለችና ውሃውን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ክረምቱን መልሶቹን አስተካከልኩ። ለእያንዳንዱ ቃል ሁለቱንም ሦስቱንም አጻጻፍ ሲስተሙ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። መስከረም ላይ አባቷ እንደገና ይዘዋት መጡ። እናቷን የምትረዳ የዘመድ ልጅ እንዳገኙ ነገሩኝ፤ ስለ መረጃ ግን ምንም አላነሡም። የአምናዎቹ ጓደኞቿ ሰባተኛ ክፍል ገብተዋል፤ እሷ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ መስኮት ዳር ይዛ ተቀመጠች። ለክፍሉ ሁሉ በፈለጋችሁት ፊደል ጻፉ፣ ሁሉም ትክክል ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ሁለተኛውን ጊዜ እሷን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

የመጀመሪያው ሐሙስ ክዊዝ እንዳለቀ ቀለሙን ትቼ ቀጥታ መልሶቿን ከፈትኩ። «ጸሀይ» ይላል። «ስር» ይላል። «ሀሞት»፣ «ስጋ በል»፣ «ሀይል»። ሃያውም ትክክል ነው። ከክፍሉ ቀድማ የጨረሰችው እሷ ናት። ርእሰ መምህሩ በትከሻዬ በኩል አይተው «መሻሻል ማለት ይኼ ነው፤ ለሪፖርት ያዛት» አሉኝ።

በዕረፍት ሰዓት ጠራኋት። «አባትሽ እንዳስተማሩሽ ብትጽፊም እኮ አሁን ይቀበልሻል» አልኳት። «እንደ እሳቸው ጻፊ። የእሳቸው ፊደሎች ናቸው ትክክሎቹ፤ እኔም እየተማርኳቸው ነው።»

በትሕትና ሰማችኝ። ደወሉ ስለተደወለ ፊቷን ወደ ክፍሉ መልሳ ነበር።

«ይኼኛው ይፈጥናል፣ ቲቸር» አለችኝ።